በፖይንት አገር ቤት መግባት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአውሮፕላን ትኬት ቁጥር 13 አሃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትኬቱን ማን እንደቆረጠው ይናገራሉ። 071 ከሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። 016 ዩናይትድ፣ 014 ኤር ካናዳ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለች አንዲት የትኬት ቢሮ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰው ስልኩን ሲያቀብለኝ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ላይ ነው።

አንድ ክረምት አንዲት እናት መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከቨርጂኒያ ያመጣቸው የእናታቸው ለቅሶ ነው። «ልጄ፣ ቀኑን ብቻ ግፊልኝ። የእናቴን አርባ ሳላወጣ እንዴት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁት። 016 ይላል። ትኬቱን ልጃቸው ከክሬዲት ካርዷ ባጠራቀመችው ፖይንት ነው የያዘችላቸው። አውሮፕላኑ የእኛው ነው፤ ትኬቱ ግን የሌላ ነው። እኔ ልነካው አልችልም። አሜሪካ ተደወለ። ተጠበቀ። በመጨረሻ የመጣው መልስ «በዚያ ሳምንት በፖይንት የሚሰጥ ወንበር የለም» የሚል ነው። ወንበር ግን ነበረ፤ በገንዘብ። እሳቸውም የመመለሻ ትኬት እንደገና ገዙ። ዋጋውን ስነግራቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉት። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ልጅቷ እናቷን ለመርዳት ነው የሞከረችው። ጥፋቱ እሷ ላይ አይደለም። ግን አሜሪካ ላሉ ዘመዶቼና ደንበኞቼ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የምለው አንድ ነገር ነው። አገር ቤት የምትመጡት በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ከሆነ፣ የጉዞ ፖይንት ከሚሰጠው ካርድ ይልቅ ገንዘብ የሚመልሰው፣ ካሽ ባክ የሚሉት፣ ይሻላችኋል። ለምን እንደምል በየስህተቱ ላስረዳ።

ለአዲስ አበባ አንባቢ መጀመሪያ አንድ ነገር ላብራራ። እዚህ በኪሳችን ያለው ካርድ በአብዛኛው ከራሳችን ሂሳብ የሚቀንስ ነው። የእነሱ ክሬዲት ካርድ ብድር ነው። ባንኩ ይከፍልላችኋል፣ በወሩ ትመልሳላችሁ። ብዙ እንድትጠቀሙበት ደግሞ ጉርሻ ይሰጣል። ጉርሻው አንዳንዱ ካርድ ላይ ሲጠራቀም ትኬት የሚያዝበት ፖይንት ወይም ማይል ነው፤ ሌላው ላይ ገንዘብ ነው።

ፖይንትን እንደ ገንዘብ መቁጠር

«80 ሺህ ፖይንት አለኝ» የሚል ሰው በየሳምንቱ ይገጥመኛል። ስንት ዶላር ነው ስለው ዝም ይላል። ምክንያቱም የፖይንት ዋጋ የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ አየር መንገዱ ወይም ባንኩ ነው። ድሮ አየር መንገዶች ሠንጠረዥ ነበራቸው። ከዚህ እዚያ ለመሄድ ይህን ያህል ማይል ይበቃል የሚል። የአሜሪካው አየር መንገድ ዴልታ ሠንጠረዡን በ2015 (እንደ ፈረንጆቹ) አነሳው። ዩናይትድም በ2019 ተከተለ። አሁን ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ፈላጊው ብዛት ይወጣል ይወርዳል። ትናንት በቂ የነበረው ፖይንት ዛሬ ላይበቃ ይችላል።

ይህን ለማስረዳት ለእኛ ሰው ብዙ ቃል አያስፈልግም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ብር ያስቀመጠ ሰው ምን እንደተሰማው ሁላችንም እናውቃለን። ፖይንት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ብሔራዊ ባንክም የለውም። ወለድ አይወልድም። እናት ብትታመም ሐኪም ቤት አይከፈልበትም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ካሽ ባክ ግን ዶላር ነው። ሂሳባችሁ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ትኬትም ይገዛል፣ ለቅሶም ይደርሳል።

አንዳንድ ካርዶች ፖይንቱን በገንዘብ ልቀይርላችሁ ይላሉ። ጥሩ ነው፤ ግን በስንት እንደሚቀይሩት እዩ። ለትኬት አንድ ሳንቲም (የዶላር መቶኛ ማለቴ ነው) የሚያወጣው ማይል በገንዘብ ሲቀየር ግማሽ ሳንቲም ብቻ የሚሆንባቸው አሉ።

ዓመታዊ ክፍያውን ከሂሳቡ ውጭ መተው

እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ለጥምቀት መጥታ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ነበር። የጉዞ ካርዷን እያሞገሰች ነው። የካፌውን ደረሰኝ ገለበጥኩና ጀርባው ላይ ሂሳብ ጀመርን።

በወር 2,000 ዶላር በካርዱ ታወጣለች። አስቤዛ፣ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ የልጆች ነገር። በዓመት 24,000 ዶላር ማለት ነው። ካርዷ ለሬስቶራንትና ለሆቴል ጨመር አድርጎ ይሰጣል፤ ለቀረው ሁሉ በዶላር አንድ ፖይንት። እህቴ ቤቷ አብስላ የምትበላ ሰው ናት። ስለዚህ 24,000 ፖይንት ብለን ያዝን። አንዱን በአንድ ሳንቲም ብናስበው 240 ዶላር ይሆናል። የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ 95 ዶላር ነው። ሲቀነስ 145 ቀረ።

ከጎኑ ሌላ መስመር አሰመርኩ። ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸው፣ በማንኛውም ግዢ 2 በመቶ የሚመልሱ ካርዶች አሉ። ከ24,000 ዶላር 2 በመቶው 480 ነው። ልዩነቱ 335 ዶላር። በየዓመቱ። ፖይንቱ ካሽ ባኩን እንዲደርስበት እያንዳንዱ 2.4 ሳንቲም ማውጣት አለበት። ለተራ ወንበር ያንን ማግኘት ከባድ ነው።

በዶላር ሁለት ማይል የሚሰጡ የጉዞ ካርዶችም እንዳሉ ነገረችኝ። እሱንም ጻፍነው። 48,000 ማይል በአንድ ሳንቲም 480 ይሆናል፤ 95 ሲቀነስ 385። አሁንም ያንሳል። እህቴ ደረሰኙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አንድ ነገር ግን ልሸሽግ አልችልም። የጉዞ ካርዶች ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጡት የመግቢያ ጉርሻ ትልቅ ነው። በሦስት ወር 4,000 ዶላር ካወጣችሁ 60,000 ፖይንት ዓይነት ነገር ነው። የምታወጡት ገንዘብ ድሮም የምታወጡት ከሆነ ውሰዱት፤ ችግር የለውም። ስህተቱ ለጉርሻው ሲባል የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት ነው። ሌላው ስህተት ጉርሻው ካለቀ በኋላ ካርዱን ረስቶ በየዓመቱ 95 ዶላር መገበር ነው።

ለአራት ሰው፣ ለገና፣ በፖይንት

አሜሪካ ልጅ ያለው ሰው የሚመጣው ትምህርት ሲዘጋ ነው። ወይ በእነሱ የገና ዕረፍት፣ ወይ በሐምሌና ነሐሴ። ሁሉም የሚመጣው ያኔ ነው። አየር መንገድ ደግሞ በገንዘብ የሚሸጥለትን ወንበር በፖይንት አይሰጥም። ለአንድ ሰው ይገኝ ይሆናል። አራት ወንበር በአንድ በረራ፣ በአንድ ቀን ግን ብርቅ ነው። እናት ከሁለቱ ልጆች ጋር፣ አባት በማግስቱ በሌላ በረራ የመጡበትን ቤተሰብ አይቻለሁ።

«ነፃ ትኬት» የሚባለውም ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ አለበት። አንዳንድ ፕሮግራሞች የነዳጅ ጭማሪውንም ይጭኑበታል። ከመጨረሻው ቁልፍ በፊት ያለውን ድምር አንብቡ።

ትኬቱን ማን እንደሚቀይረው ሳይጠይቁ መያዝ

የእኛ ሰው መመለሻ ቀኑን ይቀይራል። ለቅሶ ይመጣል፣ ሠርግ ይራዘማል፣ የቤት ጉዳይ ቀበሌ ላይ ይንጠለጠላል። በገንዘብ ከአየር መንገዱ ወይም እዚሁ ካለ ቢሮ የተገዛ ትኬት ከሆነ ሄዳችሁ ቅጣቱንና ልዩነቱን ከፍላችሁ ቀኑን ታስቀይራላችሁ። ከሌላ አየር መንገድ ፕሮግራም በማይል የተቆረጠ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀይረው የቆረጠው ብቻ ነው። በባንኩ የጉዞ ድረ ገጽ በኩል የተገዛም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ በ071 ቢጀምር እንኳ መሃል ላይ ያለው ኤጀንት እንዲቀይረው ይላካል። ከአዲስ አበባ ሆኖ የአሜሪካ ስልክ መስመር ላይ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ዕዳውን ሙሉ በሙሉ አለመክፈል

ይህ አጭር ነው፤ ግን ከሁሉም የከፋው ነው። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለድ በቅርብ ዓመታት በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ነው። 2,000 ዶላር ዕዳ ዓመት ሙሉ ብታንከባልሉ ከ400 ዶላር በላይ ወለድ ይሄዳል። የትኛውም ፖይንት፣ የትኛውም ካሽ ባክ ያንን አይመልስም። ዕዳ ካለባችሁ ስለ ጉርሻ አታስቡ። መጀመሪያ ዕዳውን ዝጉ።

በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ብር ማውጣት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይኼኛው ስህተት የሚሠራው እኛው ከተማ ውስጥ ነው።

የወንድሜ ልጅ ከሲያትል መጣ። ካርዱ ፖይንት ይሰጣል፣ ቪዛ ነው፣ ስታዲየም አካባቢ ያለ ኤቲኤም ተቀበለው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ብር የተወሰነ ስለሆነ በተለያየ ቀን አምስቴ አወጣ። በየጊዜው 80 ዶላር ገደማ፣ በድምሩ 400። ፖይንት እየሰበሰበ መስሎታል። ከዚያ ስቴትመንቱ፣ የካርዱ የወር ሂሳብ ዝርዝር፣ መጣና ስልኩን አሳየኝ። ከእያንዳንዱ ሥር 10 ዶላር ተጽፏል። የጥሬ ገንዘብ ብድር ክፍያ ነው። ብዙ ካርዶች ላይ 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይቆረጣል። አምስቴ 50 ዶላር። ካርዱ የውጭ አገር ክፍያ 3 በመቶ ስለሚያስከፍል ሌላ 12 ዶላር። ወለዱ ደግሞ የወሩን መጨረሻ አልጠበቀም፤ ብሩ ከወጣበት ቀን ነው የጀመረው። ፖይንቱስ? ዜሮ። እንዲህ ያለ ወጪ ጉርሻ አይሰጠውም።

ብር ከኤቲኤም ማውጣት ካለባችሁ ከራሳችሁ ሂሳብ የሚቀንሰውን ዴቢት ካርድ ተጠቀሙ። ወይም ዶላር ይዛችሁ መጥታችሁ ባንክ መንዝሩ። ለእናት ለአባት ገንዘብ በክሬዲት ካርድ መላክም ያው ነው። ፖይንት ይገኝበታል ብላችሁ ስትልኩ ብዙ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣችሁ ይቆጥሩታል።

ለካሽ ባክ ካርድም እውነቱን ልናገር። ብዙዎቹ ከአሜሪካ ውጭ ስትከፍሉባቸው 3 በመቶ ይቆርጣሉ። 2 በመቶ እየመለሱ 3 መቁረጥ ኪሳራ ነው። የጉዞ ካርዶች በአብዛኛው ይህ የለባቸውም፤ እዚህ ላይ ይበልጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ይህን ክፍያ የማያስከፍሉ፣ ዓመታዊ ክፍያም የሌላቸው ካሽ ባክ ካርዶች አሉ። ከመምጣታችሁ በፊት አንዱን ያዙ። ደግሞም አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ካርድ የምትመዙት ትልልቅ ሆቴልና አየር መንገድ ቢሮ ነው። ታክሲው፣ ሥጋ ቤቱ፣ መርካቶው በብር ወይም በቴሌብር ነው። ሆቴል ስትከፍሉ «በዶላር ልቁረጠው ወይስ በብር?» ከተባላችሁ ሂሳቡ የተጻፈው በብር ከሆነ በብር በሉ። አለዚያ የምንዛሪውን ዋጋ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው።

የጉዞ ካርድ ለማንም አይሆንም ማለት

ይሆናል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ለሥራ የሚበር፣ ቀኑን እንደፈለገ የሚያዛውር፣ ብቻውን የሚጓዝ፣ ፖይንቱን ለቢዝነስ ክላስ የሚያውል ሰው ከፖይንቱ ብዙ ያገኛል። እንዲህ ያሉ ደንበኞች አሉኝ። አንዱ ወንበር ሲለቀቅ ለማየት ሌሊት ይነሳል። ጊዜውም ፍላጎቱም አለው። ሁለት ሥራ የምትሠራ የልጆች እናት ግን ያንን እንድታደርግ አልጠብቅም።

በካሽ ባክ ስለከፈሉ ማይል የለም ብሎ መተው

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ማይል ከካርድ ብቻ አይመጣም፤ ከመብረርም ይመጣል። ትኬቱን በፈለጋችሁት ካርድ ግዙ። ስትሳፈሩ የሸባ ማይልስ፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም፣ ቁጥራችሁ ከተመዘገበ ማይሉ ይገባላችኋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ ከፈለጋችሁ በሌላ አባል አየር መንገድ ፕሮግራም ልታስመዘግቡት ትችላላችሁ። ግን አንድ በረራ የሚመዘገበው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አንዱን መርጣችሁ ጽኑ። እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት የበተነ ሰው አንዱም አይሞላለትም። በማይል የተቆረጠ የሽልማት ትኬት ደግሞ በአብዛኛው ራሱ ማይል አይሰጥም።

ለልጆቹም ቁጥር አውጡላቸው። ትኬት ሲቆረጥ ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ማይሉ ላይገባ ይችላል። ማይሉ ሂሳባችሁ ላይ እስኪታይ ድረስ ደግሞ የመሳፈሪያ ካርዱን ቁራጭ አትጣሉት።