ነብር ፍለጋ ሳፋሪ ከመውጣታችሁ በፊት፦ እዚሁ አዲስ አበባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቢሮዬ ስታዲየም አካባቢ ነው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ታች መንገድ ዳር ላንድክሩዘሮች ቆመው ጣሪያቸው ላይ ድንኳንና ጀሪካን ሲታሰር አያለሁ። ወደ አዋሽ፣ ወደ ባሌ፣ ወደ ኦሞ የሚወጡ ናቸው። እኔም አዋሽን አራት ጊዜ፣ ኬንያን ደግሞ ሁለት ጊዜ ስለሄድኩ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ከመመዝገባቸው በፊት እኔ ጋ ብቅ ይላሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ነብር እናያለን?»

እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። ስንት ቀን አላችሁ? የት ነው የምትሄዱት? አንድ መኪና ውስጥ ስንት ሰው ነው የምትሆኑት? በዚህ ሁሉ ጉዞ ነብር በዓይኔ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ኬንያ። ያላየሁባቸውን ቀናት መለስ ብዬ ሳስብ፣ አብዛኛው ስህተት የተሠራው ጫካ ውስጥ አልነበረም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቀብድ የከፈልን ቀን ነው።

ነብርንና አቦሸማኔን አንድ ማድረግ

ቀላል ነገር ይመስላል። ግን አስጎብኚ ድርጅት ገብቶ «ነብር የሚታይበት ውሰዱኝ» እያለ፣ በልቡ ሜዳ ላይ የሚከንፈውን ቀጭኑን እንስሳ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። እሱ አቦሸማኔ ነው። የአቦሸማኔ ነጠብጣብ ድፍን ጥቁር ነው። ከዓይኑ ጥግ እስከ አፉ ድረስ እንባ የወረደበት የሚመስል ጥቁር መስመር አለው። ነብር ግን ደንደን ያለ ነው፤ ነጠብጣቡም መሃሉ ክፍት ሆኖ እንደ አበባ ክብ ይሠራል።

ልዩነቱ የመልክ ብቻ ቢሆን ባልደከምኩ። ፕሮግራሙን የሚለውጥ ልዩነት ነው። አቦሸማኔ በቀን፣ በገላጣ ሜዳ ያድናል። ነብር በብዛት የሚንቀሳቀሰው ማታና ንጋት ላይ ነው። ቀን ዛፍ ላይ ወይም ጥሻ ውስጥ ይተኛል፤ የሚኖረውም ብቻውን ነው። ስለዚህ ለነብር የወንዝ ዳር ዛፍ ወይም ድንጋያማ ገደል ያለበት ቦታ ምረጡ።

ግስላ የምንለው ጥቁሩም ሌላ ዝርያ አይደለም። ጠቁሮ የተወለደ ነብር ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ነጠብጣቡ ከጥቁሩ ሥር ይታያል። ኬንያ ውስጥ ላይኪፒያ የሚባለው አካባቢ በእሱ ይታወቃል።

ደርሶ መልስ መሄድ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከመስቀል አደባባይ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሳችሁ እንበል። ቱሉ ዲምቱ ላይ የክፍያ መንገዱን ይዛችሁ አዳማ ትገባላችሁ። አዳማ ደግሞ ቁርስ ሳይበላ አይታለፍም። መተሐራን አልፋችሁ ፓርኩ በር ላይ ስትደርሱ 5 ሰዓት ይሆናል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነብሩ ከተኛ ቆይቷል። ሳላዎቹ እንኳ ግራር ጥላ ሥር ገብተዋል። 9 ሰዓት ላይ ሾፌሩ «እንዳይመሽብን» ይላል። እውነቱን ነው፤ የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚበዛበት መንገድ ስለሆነ ማታ መንዳት ጥሩ አይደለም። ትመለሳላችሁ። ነብሩ የሚነሳው እናንተ አዳማ ስትደርሱ ነው።

ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። ዋናዎቹ ሰዓቶች ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ጀምበር እስክትጠልቅ ናቸው። ሁለት ሌሊት ያደረ ሰው እነዚህን ሰዓቶች ሁለት ሁለቴ ያገኛል። ደርሶ መልስ የሄደ አንዱንም አያገኝም።

ሦስተኛው የአዋሽ ጉዞዬ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ዞረን ምንም አላየንም። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ እስካውታችን፣ አብሮን የሚዞረው የፓርኩ ጠባቂ፣ ሾፌሩን በእጁ አስቆመው። ወርዶ አቧራው ላይ አጎነበሰ። «ጋሼ፣ ይምጡ ይመልከቱት» አለኝ። ማታ ስንመለስ የጣልነው የጎማችን ዱካ ነበር። በጎማው ዱካ ላይ፣ መሃል ለመሃል፣ ሌላ ዱካ ታትሟል። ክብ ነው። አራት ጣት፣ ከኋላው አንድ ሰፊ መዳፍ። «ጥፍር አይታይም አይደል?» አለኝ። «ጅብ ቢሆን ጥፍሩ መሬቱን ወግቶት ይታይ ነበር። ነብር ሲሄድ ጥፍሩን ይሰበስባል።» ዱካው መኪናችን በሄደበት መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ ወደ ጥሻው ታጠፈ። «ነብር አየኝ በል» የሚለውን አባባል ሰው ሲዛዛትበት እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን ጠዋት ነው። እኛ ስናልፍ እሱ እዚያው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. ፓርኩ ባለበት በፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጧል። ስለ መንገዱም ስለ ጸጥታውም በዚያው በምትነሱበት ሳምንት ደውላችሁ አጣሩ።

ጉዞን በበዓል ብቻ ማሰብ

የአዲስ አበባ ሠራተኛ እረፍት የሚያገኘው በበዓል ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ችግሩ ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ አካባቢ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት የኬንያው ማሳይ ማራ ፓርክ ረጅሙ ዝናብ ላይ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ሣሩ ያድጋል፣ ጭቃው ጎማ ይይዛል። ከቻላችሁ ገናን ወይም ጥምቀትን ተጠቀሙ። አዋሽም ቢሆን በደረቁ ወቅት ይሻላል። ውሃው ሲቀንስ እንስሳቱ ወደ ወንዙ ይሰበሰባሉ፤ ነብር ደግሞ እነሱ ካሉበት አይርቅም።

ሰዓቱን «12:00» ብሎ መጻፍ

የመጀመሪያው የኬንያ ጉዟችን ላይ የደረሰብን ነው። አዲስ አበባ ያለው አደራጃችን ለናይሮቢ ሰዎች «መነሻ 12:00» ብሎ ላከላቸው። እሱ ንጋት 12 ሰዓት ማለቱ ነበር። እነሱ እኩለ ቀን ብለው አነበቡት። ቦርሳችንን አዝለን በሩ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ሦስት ጠዋት ብቻ ነበረን፤ አንዱ እንዲሁ ሄደ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የሚገርመው፣ ኬንያውያን በስዋሂሊ ሲያወሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው። የኛ 12 የእነሱም 12 ነው። በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይዞራሉ። ስለዚህ «ንጋት፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ በፈረንጅ 6 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። መርዘሙ አይጎዳም።

ዋጋ ብቻ ጠይቆ መውጣት

«ስንት ነው?» ከማለት በፊት «ሂሳቡ ውስጥ ምን ምን ገብቷል?» በሉ። የፓርክ መግቢያ? የእስካውት ክፍያ? የሾፌር አበል? ነዳጅ? እርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ እነዚህን ያልጨመረው ነው።

ቀጥላችሁ መቀመጫ ጠይቁ። ጣሪያው የሚከፈት ነው? ሁሉም ሰው መስኮት ዳር ይደርሰዋል? አንድ ጊዜ ሰባት ሆነን በአንድ መኪና ሄደን፣ መሃል የተቀመጠችው እህታችን ቀኑን ሙሉ የሰው ጀርባ ስታይ ዋለች። ለነብር አራት ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ከዚያ መሪውን ጠይቁ። ኬንያ ውስጥ የሳፋሪ መሪዎች በፈተና የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ የሚያገኙበት ማኅበር አላቸው። «ብር ደረጃ ያለው ስጡን» ማለት መብታችሁ ነው። እኔ ከሆቴሉ ላይ ቀንሼ ለመሪው ብጨምር እመርጣለሁ። ሆቴሉ ነብር አያሳይም።

ገንዘቡ ካላችሁ የማታ ጉዞ ያለበትን ፈልጉ። ማሳይ ማራ ዋናው ክልል ውስጥ ማታ መዞር ክልክል ነው። ዙሪያውን ባሉት የግል ጥብቅ ቦታዎች ግን ይፈቀዳል። ዛምቢያ ሳውዝ ሉአንጓ ፓርክ ደግሞ ከመሪ ጋር በባትሪ መብራት ይዞራል፤ በነብር ብዛቱም ስመ ጥር ነው።

ነብር ለማየታችሁ ዋስትና እሰጣለሁ የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ፣ ቀብዳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መኪና ውስጥ ማውራት

ሳምቡሩ ነበርን፣ ከናይሮቢ በስተሰሜን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ኡዋሶ ኒይሮ ወንዝ ዳር። ከቀኑ 11 ሰዓት አልፏል። ሾፌራችን፣ መሪያችንም እሱው ነው፣ ድንገት ሞተሩን አጠፋ። ዙሪያችን ምንም የለም። ቀና ብሎ ያዳምጣል። ከወንዙ ማዶ ጦጣዎች ይጮኻሉ። የተለመደው ጫጫታቸው አይደለም። አጭር፣ ደረቅ፣ እየተቆራረጠ የሚደጋገም ጩኸት ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ቀጥለው ጅግራዎች ተነሱ።

ከኋላ የተቀመጠው ወዳጃችን «እንሂድ እንጂ፣ ጦጣ ለማየት ነው እንዴ የመጣነው?» አለ። ሾፌሩ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከዚያ ወደ አንድ ግራር ጠቆመን።

ምንም አላየሁም። ግንዱን አየሁ፣ ቅርንጫፉን አየሁ። መጀመሪያ የታየኝ ጅራቱ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጫፉ ብቻ ወደ ላይ ቆልመም ብሏል፤ ከሥሩ ነጭ ነው። ከጅራቱ ተነስቼ በዓይኔ ወደ ላይ ወጣሁ። የኋላ እግር። ከዚያ ሆድ። ቅርንጫፉ ራሱ መተንፈስ የጀመረ መሰለኝ። ከዚያ ጭንቅላቱን አዙሮ አየን። «እንሂድ» ያለው ወዳጃችን ትከሻዬን ጨምድዶ ይዞ ነበር።

ያን ጩኸት ሰምቶ የሚያቆም ሾፌር እየተወራ አይሰማውም። ሙዚቃ ከተከፈተማ ጭራሽ። ስልካችሁን ድምፅ አልባ አድርጉ፣ ስፒከሩን ሆቴል ተዉት። ባይኖኩላር ለሁለት ሰው አንድ ይብቃ፣ ግን ይኑር። ስታዩም ነብሩን አትፈልጉ። አግድም የተዘረጋ ወፍራም ቅርንጫፍ ፈልጉ፣ ከዚያ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ነገር ካለ እዩ።

«ጠጋ በልልን» ማለት

በማግስቱ ሁለተኛዋን አየን። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተጋድማ ነበር። መኪኖች ተሰበሰቡ። አንዱ ተሳፋሪዎቹ ስለጎተጎቱት ከመንገዱ ወጥቶ ሥሯ ድረስ ገባ። ተነሳች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ጠፋች። ከመጣን ሦስት ደቂቃ አልሞላንም። ሌላ ሰባትና ስምንት መኪና ሙሉ ሰው ደግሞ ጨርሶ ሳያያት ቀረ።

ማሳይ ማራ ውስጥ አንድ እንስሳ ጋ በአንድ ጊዜ ከ5 መኪና በላይ መቆም አይፈቀድም። ከእንስሳውም ቢያንስ 25 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ሾፌሩን ጉርሻ እያሳያችሁ «ትንሽ ብቻ» ስትሉት በእንጀራው ላይ ነው የምትፈርዱት። በመስኮት መንጠልጠልም ያው ነው። ነብር መኪናውን የሚያየው እንደ አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ከጎኑ ሰው ሲወጣ ቅርጹ ይፈርስና ይሸሻል።

ቢጫ ካርድንና ወባን መርሳት

ኬንያ ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው ካርዱ የሚሠራው። በጉዞው ዋዜማ መሮጥ አያዋጣም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንዴ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ወባን ደግሞ እኛ ደጋ ላይ ስለምንኖር እንዘነጋዋለን። አዋሽም ሳምቡሩም ቆላ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ነብር የሚፈለግባቸው ሰዓቶች የትንኝም ሰዓት ናቸው፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ቦታውን ወዲያው መለጠፍ

ነብር ያየ ሰው እዚያው ሆኖ ለዓለም መናገር ያምረዋል። አልፈርድም፣ እኔም ስልኬን አውጥቼ ነበር። ግን ነብር ዛሬም ለቆዳው ይገደላል። ዛፍ ላይ ሥጋ ከሰቀለ ደግሞ ብዙ ጊዜ በማግስቱም ወደዚያው ይመለሳል። ቦታውን የጻፈ ሰው አድራሻውን ሰጠ ማለት ነው። ፎቶውን ለጥፉት፤ ግን የስልኩን ሎኬሽን አጥፉ፣ የዛፉንና የመታጠፊያውን ስም አትጻፉ፣ ቢያንስ ቦሌ እስክታርፉ ድረስ ጠብቁ።