የቤት ስራ ፍላጎት በደብተር ቆጠራ አይለካም

ደሴ ነው የማስተምረው፣ 9ኛ ክፍል ሂሳብ። ድሮ የተማሪን የቤት ስራ ፍላጎት የምለካው ስንቱ ሰርቶ መጣ ብዬ በመቁጠር ነበር፣ አንድ ቀን ጠዋት ቀደም ብዬ ክፍል ብገባ አንድ ደብተር መሃል ዘርግተው ስምንት ልጅ ከቦ ይገለብጣል፣ አንዷማ የባለቤቱን ስርዝ ድልዝ ሳይቀር ነው የገለበጠችው። እኔ ጋ ግን ሁሉም "ሰርቷል" ተብሎ ተመዝግቧል።

ስለዚህ ሰራህ ወይ ሳይሆን ለምን ትሰራለህ ነው የሚጠየቀው። የስነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ራያንና ኮኔል በ1989 እኤአ ያወጡት መጠይቅ ላይ አንዱ ጥያቄ ይሄው ነው፣ መልሱም አራት አይነት ነው። እናንተም ለክፍላችሁ እንዲህ ያለ መጠይቅ ለማዘጋጀት አረፍተ ነገሮቹን በአማርኛ አጠር አድርጋችሁ ጻፉ፦ "ቲቸር እንዳይቆጣኝ ነው"፣ "ሳልሰራ ስቀር ስለማፍር ነው"፣ "ትምህርቱ እንዲገባኝ ነው"፣ "መስራቱ ራሱ ደስ ስለሚለኝ ነው"። ለእያንዳንዱ አይነት አራት አምስት አዘጋጁና ቅደም ተከተሉን አደበላልቁት። መልሱ ከ1 (በፍጹም እውነት አይደለም) እስከ 4 (በጣም እውነት ነው)፣ መሃል ላይ "እርግጠኛ አይደለሁም" ካስገባችሁ ሁሉም እዛ ነው የሚከመረው።

መጀመሪያ ከሌላ ሴክሽን አስር ልጆች ጠርታችሁ ጮክ ብለው እያነበቡ እንዲሞሉ አድርጉ። እኔ "ቤተሰቤ እንዳይቆጡኝ" የሚል አስገብቼ ከኩታበር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ "ቲቸር፣ አከራዬን ነው?" ሲለኝ ነው የነቃሁት። እንደሱ ላሉት ልጆች "ትናንት ማታ መብራትና የምትሰራበት ጊዜ ነበረህ?" የሚል ለብቻው ጨምሩ፣ አለመቻል አለመፈለግ አይደለምና።

ስም አይጻፍ፣ ማርክ እንደሌለው ንገሯቸው፣ ፎርሙንም የራሳችሁ ክፍል ላይ ሌላ መምህር ይበትን፣ እናንተ ፊት ለፊት ቆማችሁ "ቲቸርን ፈርቼ ነው" የሚል የለም። አርብ ከጁምዓ በፊት ባለው ፔሬድ ደግሞ እንዳትሞክሩት፣ ግማሹ ሳያነብ 4 4 4 አክብቦ ነው የሚወጣው። እንዲህ አይነቱን ለመያዝ ደስ ይለኛል ከሚሉት አረፍተ ነገሮች መሃል አንድ ተቃራኒ ክተቱ፣ "የቤት ስራ ይሰለቸኛል" አይነት፣ ሲቆጠር 4 የነበረው 1፣ 3 የነበረው 2 ይሆናል።

ኤክሴል ላይ ስታስገቡ ሁሉንም ደምራችሁ አንድ ቁጥር አታውጡ፣ ፍርሃቱና ደስታው ተደምሮ ምንም አይነግራችሁም። ለየአይነቱ ለብቻ አማካይ አውጡ፣ ብዙ ልጅ ከሞላ ደግሞ የክሮንባክ አልፋ (የአንድ አይነት አረፍተ ነገሮች መልስ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳይ ቁጥር) ለየአይነቱ አስሉ፣ በተለምዶ 0.7 እና ከዛ በላይ ከሆነ ይሄዳል። ያንኑ ፎርም ሳትነካኩት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ድገሙት።