ላፕቶፕን በታብሌት መተካት ይቻላል? ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ ፈትኑት

በጅማ የክረምት ዝናብ ላፕቶፕ ተሸክሞ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ድረስ የሄደ ሰው ታብሌት ቢያምረው አይፈረድበትም። ቀላል ነው፤ መብራት ሲጠፋም ከፓወር ባንክ ይሞላል። ላፕቶፑን ይተካ እንደሆነ ግን ሻጩን አትጠይቁት። የራሳችሁን ፋይል ጠይቁት።

1. የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ጻፉ

ባለፈው ወር ላፕቶፓችሁ ላይ የከፈታችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ መያዣው)፣ ኤስፒኤስኤስ (የዳታ መተንተኛው) ወይም ሙሉው አውቶካድ (የንድፍ መሥሪያው) ካለበት እዚሁ አቁሙ፤ አንድሮይድም ሆነ አይፓድ ላይ አይጫኑም። የሒሳብ ሠራተኛና የመመረቂያ ጽሑፉን ዳታ የሚተነትን ተማሪ ላፕቶፑን አይሽጥ። ኤክሴል ደግሞ ያታልላል። ፋይሉ ይከፈታል፣ ውስጡ ያለው ማክሮ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚሠራው ትእዛዝ) ግን አይሠራም። (እንደ ሰርፌስ ያሉ ዊንዶውስ የተጫነባቸውን እዚህ አልቆጠርኳቸውም። ስማቸው ታብሌት ይሁን እንጂ ለእኔ ላፕቶፕ ናቸው።)

ዝርዝሩ ላይ ያለው ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ኢሜይል፣ ዙምና ፒዲኤፍ ማንበብ ብቻ ከሆነ ታብሌት ይበቃችኋል፣ ይተርፋችኋልም።

2. አማርኛውን ፈትኑ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የትኛውም ኪቦርድ ላይ ችግር የለበትም። ጣጣው አማርኛ ነው። አማርኛ የምንጽፍበት ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ታብሌት ላይ ጂቦርድ ወይም ኪማን የሚባል የኪቦርድ አፕ ትጭናላችሁ። ስክሪኑን እየነኩ ለመጻፍ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የሦስት ገጽ ደብዳቤ ግን እንደዚያ አይጻፍም፤ ብሉቱዝ ኪቦርድ ያስፈልጋል። ችግሩ ስክሪኑ ላይ አማርኛ የሚጽፈው አፕ የውጭ ኪቦርድ ሲገናኝ እንግሊዝኛ ብቻ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ እዚያው ሱቅ ውስጥ ኪቦርዱን አገናኙና አንድ አንቀጽ ጻፉ። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

የድሮ ሰነድ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ዩኒኮድ (ፊደል በየትኛውም መሣሪያ እንዲነበብ የሚያደርገው የጋራ አሠራር) ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ የቢሮ ደብዳቤ ታብሌት ላይ ስትከፍቱት ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል። ኒያላ በሚባለው የዩኒኮድ ፎንት የተጻፈው ይነበባል፤ ፎንቱ ታብሌቱ ላይ ከሌለ ግን በሌላ ይተካና ሠንጠረዡ ይንሸራተታል፣ ፊርማው ያለ ቦታው ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። የምትልኩትን ፒዲኤፍ እያደረጋችሁ መላክ ትችላላችሁ። አለቃችሁ አስተካክሉ ብሎ የሚልክላችሁን ግን ምን ታደርጉታላችሁ? እንዲህ ዓይነት ፋይል በየቀኑ የሚደርሰው ሰው በታብሌት ብቻ አይዘልቅም።

3. ፍላሽ ሰክታችሁ እዩ

የራሳችሁን ፍላሽ ከነፋይሉ ወደ ሱቁ ውሰዱ፤ ፍላሹን ከታብሌቱ ጋር የሚያገናኘውን ኦቲጂ የሚባል ገመድም አትርሱ። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ብዙ አንድሮይድ ታብሌቶች አያነቡትም፤ ፎርማቱ ኤክስፋት የሚባለው ይሁን። ለፕሪንት ከሆነ ፒዲኤፉን በቴሌግራም መላክ ይቀላል።

4. ዋጋውን ሙሉ ደምሩ

የታብሌቱ ዋጋ ብቻውን ሲታይ ርካሽ ሊመስል ይችላል። ኪቦርድና መከላከያ ሽፋን ጨምሩበት። ስክሪኑ ከ10.1 ኢንች ከበለጠ ደግሞ ዎርድና ኤክሴል ላይ ለማረም የማይክሮሶፍት 365 ክፍያ ይመጣል። ጉግል ዶክስ ነፃ ነው። ከተቻለ ሲም ካርድ የሚቀበለውን ምረጡ፤ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳልና። ድምሩ ከአንድ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ ከበለጠ እኔ ላፕቶፑን እመርጣለሁ። ቢያንስ ሲያረጅ ሃርድ ዲስኩ ፈጣን በሆነው ኤስኤስዲ ይቀየራል። የታብሌት የውስጥ ፋይል ማስቀመጫ ግን ከተገዛ በኋላ አይቀየርም።

5. ላፕቶፑን ሳትሸጡ አንድ ሳምንት ተለማመዱ

ብሉቱዝ ኪቦርድ ከሰው ተዋሱና አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ አገናኙት። ስክሪኑ ከማነሱ በስተቀር ከታብሌት ብዙም አይለይም። ሳምንቱን ሙሉ ሥራችሁን በዚያ ሞክሩ። ላፕቶፑን በከፈታችሁ ቁጥር ለምን እንደከፈታችሁት ጻፉ። ሁሌ የምትከፍቱት ለአንድ የበጀት ፋይል ከሆነ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ለፊልም ብቻ ከሆነ ግን ፎቶ አንሱትና ለሽያጭ አውጡት።