ጠጥቶ የማሽከርከር የደም ምርመራ፦ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ የሚበላሽ ናሙና

የደም አልኮል ውጤት ሲያከራክር ሁሉም ማሽኑን ይጠረጥራል። አልኮሉን ለይቶ የሚለካው ማሽን፣ ጋዝ ክሮማቶግራፉ፣ ግን የሰጡትን ነው የሚለካው። ጣጣው የሚጀምረው ደም ሲቀዳ ነው።

ቆዳን በአልኮል መጥረግ። አልኮል ሊለኩ መጥተው በአልኮል! እንደ ፖቪዶን አዮዲን ያለ ማጽጃ እያለ ምን አስቸኮለ? ቆዳው በደንብ ከደረቀ ውጤቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው። ጠበቃው ግን ይቺን ጥያቄ አይዘላትም።

ቲዩቡን አለማገላበጥ። እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል። ግራጫ ክዳን ባለው ቲዩብ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ለጌጥ አልተቀመጠም። ፖታሲየም ኦክሳሌቱ ደሙ እንዳይረጋ፣ ሶዲየም ፍሎራይዱ ደግሞ ናሙናው እንዳይበላሽ ነው። ዱቄቱ ግን ካልተቀላቀለ ዋጋ የለውም። ደሙ እንደገባ ቲዩቡን ቀስ አድርጎ 8 ወይም 10 ጊዜ መገልበጥ ነው። መናጥ አላልኩም፤ መገልበጥ! ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ስንቱ ነው ታዲያ ሞልቶ ትሪው ላይ ጥሎ የሚሄደው? እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ክዳኑን ስንከፍት ጉበት የመሰለ የረጋ ደም ይጠብቀናል፤ ዱቄቱም እዚያው ታች ተጋግሮ። በዚህም አያበቃም። ፍሎራይድ ያልደረሰው ደም ሙቀት ላይ ቢቆይና እንደ ካንዲዳ ያለ እርሾ ቢገባበት፣ እርሾው የደሙን ስኳር ወደ አልኮል ይቀይረዋል። ጠብታ ያልቀመሰ ሰው ሰክሮ ተገኘ ሊባል ነው። ስለዚህ ከተገላበጠ በኋላ ቀጥታ ፍሪጅ።

ጊዜው ያለፈበት ቲዩብ፦ ይጣል፣ አለቀ።

የሆስፒታልን ቁጥር እንዳለ መውሰድ። ሆስፒታል ለሕክምና ሲለካ ብዙ ጊዜ ሴረም ወይም ፕላዝማ፣ ማለትም የደም ሴሎቹ ተለይተው የሚቀረውን ፈሳሽ፣ ነው የሚጠቀመው። የብዙ አገር ሕግ ግን የሚያወራው ስለ ሙሉ ደም ነው። ሴረም ውስጥ ውሃ ይበዛል፤ አልኮል ደግሞ ውሃ ባለበት ነው የሚገኘው። ስለዚህ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ከፍ ይላል። በሴረም 0.09 (በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለ የአልኮል ግራም) ያለው ሰው በሙሉ ደም ከ0.08 በታች ሊወርድ ይችላል። ወሰኑ 0.08 በሆነበት ቦታ ይህ ጥፋተኛ መሆንና አለመሆን ነው። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የተለካው ምን እንደሆነ እዩ።

ሰዓት አለመጻፍ። «ማታ» ተብሎ የተጻፈበት ፎርም ደርሶኝ ያውቃል፤ ማታ ስንት ሰዓት? አልኮል ከደም በሰዓት በአማካይ 0.015 ገደማ ይቀንሳል፣ ከሰው ሰው ቢለያይም። ሰዓቱ ከሌለ ሲያሽከረክር የነበረውን መጠን ወደ ኋላ ማስላት አይቻልም። ቢኖርም እንኳ ስሌቱ የሚሠራው ሰውየው ሲያሽከረክር አልኮሉ ከሆድ ወደ ደም ተመጥጦ ካለቀ ብቻ ነው። ሰውየው ከመነሳቱ በፊት የመጨረሻዋን ጨልጦ ከሆነ፣ ሲያሽከረክር የነበረው መጠን ደሙ ሲቀዳ ከተገኘው ያነሰ ሊሆን ይችላል።