«በግሪክኛው እንዲህ ይላል» ከማለታችሁ በፊት

ቅዳሜ ከሰዓት ለስድስት ሰዎች የሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ አስተምራለሁ። ዲያቆናት አሉ፣ ሰባኪዎች አሉ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስም አሉ። ባለፈው ቅዳሜ አንደኛው ተማሪ ስልኩን ከፍ አድርጎ «መምህር፣ ሮሜ 1፥16 ላይ ያለው ‹ዲናሚስ› ድማሚት ማለት ነው አሉ፤ ወንጌል ድማሚት ነው!» አለኝ። ቃሉ «ኃይል» ማለት ነው። ኖቤል ድማሚትን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው፤ ስሙንም ከግሪክኛው ወስዶ ነው ያወጣለት። ጳውሎስ እስከዚያ 1,800 ዓመት ሊጠብቅ ነው? ልጅ አባቱን ሲወልድ በዚህ አየሁ። እኔ ይህንን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥርም፤ ተማሪው ግን የመጀመሪያው ስለነበር አልተቆጣሁም። ቁጣዬን ወደዚህ አመጣሁት።

የዚህ ስህተት ወንድም ሥርወ ቃል ማምለክ ነው። «‹ሐማርቲያ› ዒላማ መሳት ነው፣ ስለዚህ ኃጢአት ማለት...» እየተባለ አርባ ደቂቃ ይሰበካል። እስቲ በራሳችን ቋንቋ እንየው። «ኃጢአት» የመጣው ከግእዙ «ኀጥአ» ነው፤ የአማርኛው «አጣ» የዚሁ ዘር ነው። እናታችሁ «ኃጢአት ነው፣ ተው» ስትላችሁ ስለ ማጣት እያወራች መሰላችሁ? ቃል ከየት እንደተነሣ ማወቅ ደስ ይላል፣ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ ግን አይነግርም። «ቤተ ክርስቲያን» ተብሎ የሚተረጎመው «ኤክሌሲያ»ም እንዲሁ ነው። «ተጠርተው የወጡ» እያላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የሐዋርያት ሥራ 19ን አንብቡ። ኤፌሶን ላይ ለምን እንደተሰበሰበ እንኳ የማያውቀው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚጮኸው ሕዝብም ኤክሌሲያ ተብሏል።

አሁን ወደ አጋፔ። እዚህ ላይ ታገሡኝ።

«አጋፔ የእግዚአብሔር ፍቅር፣ ፊሊያ የጓደኛ፣ ኤሮስ የሥጋ» የሚለውን ሠንጠረዥ ማን እንደፈጠረው አላውቅም፤ ያልሰቀለው ግድግዳ ግን የለም። ይህን ሠንጠረዥ ለሚያምን ሰው አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ብሉይን በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ያንብብ፣ ሁለተኛ ሳሙኤል 13ን ያውጣ። አምኖን ትዕማርን በግድ ከደፈራት በኋላ እርሷን የጠላበት ጥላቻ እርሷን ከወደደበት ፍቅር በለጠ ይላል። ያ ፍቅር በግሪክኛው ምንድን ነው? አጋፔ! ዴማስ ጳውሎስን ጥሎ የሄደው የአሁኑን ዓለም «ወዶ» ነው፤ ግሱ አጋፓኦ ነው። ሰዎች ከብርሃን ይልቅ ጨለማን የወደዱትም በዚሁ ግስ ነው። ዮሐንስ ደግሞ አብ ወልድን መውደዱን 3፥35 ላይ በአጋፓኦ፣ 5፥20 ላይ በፊሌኦ ይጽፈዋል። አብ በሁለት ምዕራፍ ውስጥ ፍቅሩን ቀነሰ ልትሉኝ ነው?

ኤሮስስ? ስሙ በሐዲስ ኪዳን አንድም ጊዜ የለም፤ ሰዎች ይህን ሰምተው «ርኩስ ስለሆነ ነው» ይላሉ። ግን የአንጾኪያው አግናጥዮስ ወደ ሰማዕትነት ሲሄድ ለሮም ክርስቲያኖች «ኤሮሴ ተሰቅሏል» ብሎ ጽፏል። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ኦሪጀን ኤሮስ የተባለው ራሱ ክርስቶስ ነው ብሎ አንብቦታል፤ ዛሬ ብዙዎች «ዓለማዊ ምኞቴ ተሰቅሏል» ይሉታል። ከሁለቱ የትኛው ልክ እንደሆነ መዝገበ ቃላት አይፈርድላችሁም። ከፊቱና ከኋላው ያለውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ነው።

ቀጥሎ የስትሮንግ ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው ይህ ሥራ ለእያንዳንዱ የግሪክኛና የዕብራይስጥ ቃል ቁጥር የሰጠ የመጽሐፍ ቅዱስ የቃላት ማውጫ ነው። ከየቃሉ መጨረሻ የተደረደሩት የእንግሊዝኛ ቃላት የኪንግ ጄምስ (የድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ) ተርጓሚዎች ያንን ቃል የተረጎሙባቸው መንገዶች ናቸው። ፍቺ እየመረጣችሁ የምትቀዱበት የምግብ ዝርዝር አይደለም። አንድ ጎበዝ ልጅ ቁጥር 26ን፣ ማለትም አጋፔን፣ ከፈተና እንግሊዝኛው ላይ ያለውን «ቻሪቲ» ወደ አማርኛ አዙሮ አንደኛ ቆሮንቶስ 13ን «በጎ አድራጎት ይታገሣል» ብሎ አመጣልኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከዚያው ዝርዝር «ግብዣ» የምትለዋን አንሥቶ ነበር፤ እሷ የይሁዳ መልእክት 12 ብቻ ናት፣ እዚያ ነገሩ የማዕድ ነው። ከግሪክኛ ወደ አራት መቶ ዓመት ዕድሜ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ፤ ውሃ ከወንፊት ወደ ወንፊት እንደማጋባት ነው።

በቴሌግራም የሚዞረው የታየር የሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ መዝገበ ቃላት ነፃ የሆነው ዕድሜው ስለገፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የወጣ ነው፤ ከግብፅ አሸዋ፣ በተለይ ከኦክሲሪንኩስ፣ ፓፒረሱ (ከቄጤማ የተሠራው የጥንት ወረቀት) በገፍ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ፓፒረስ የተራ ሰው ደብዳቤ፣ ውልና ደረሰኝ ነው። ማቴዎስ 6፥2 ላይ ግብዞች ዋጋቸውን «አፔኩሲ» የሚለውን ቃል በደረሰኞቹ ላይ ስታገኙት ይገባችኋል፤ ሙሉ ተከፍሏል፣ ሂሳቡ ተዘግቷል ማለት ነው። አቅም ያለው ዳንከር ያደሰውን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን የባወርን መዝገበ ቃላት ሦስተኛ እትም ይግዛ። ዋጋው ያስደነግጣል፤ አራት ሆናችሁ አዋጡ።

የሚቀጥለውን በሌላ ሰው አላሳብብም፤ የራሴ ነው። ከዓመታት በፊት ዕብራውያን 1፥3ን ሳስተምር «ሂፖስታሲስ» ላይ ደረስኩና የላምፕን የአበው ግሪክኛ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ገጽ በገጽ ስለ ሥላሴ አካላት ይተነትናል። ደስ ብሎኝ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «አካል» ብዬ ጻፍኩ፣ አንድ ሰዓት ሙሉም አብራራሁ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ መሪጌታ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ጳውሎስ ከባስልዮስ ጋር ነው እንዴ የተማረው?» አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላምፕ መዝገበ ቃላት ከቀሌምንጦስ ዘሮም እስከ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ያሉትን አበው ይይዛል፤ የሐዲስ ኪዳንን አጠቃቀም ለብቻው አያስተናግድም። ሊድልና ስኮት በጥንታዊ ግሪክኛ መዝገበ ቃላታቸው በደንብ የሸፈኑትንም ሆን ብሎ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ብቻውን አይከፈትም። የሂፖስታሲስ ፍቺ ደግሞ በመካከል ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ በውግዘቱ ላይ ሂፖስታሲስንና ኡሲያን (ባሕርይን) እንደ አንድ ነገር ያስቀምጣቸዋል። «አንድ ኡሲያ፣ ሦስት ሂፖስታሲስ» የሚለው አነጋገር የጸናው ከዚያ በኋላ በእነ ባስልዮስ፣ በቀጰዶቅያ አባቶች ነው። ዕብራውያን 11፥1ን በዚህ ፍቺ ብትሞክሩት «እምነት አካል ነው» ብላችሁ ቁጭ ነው። «ማርቲስ»ም ይጓዛል፤ መጀመሪያ ምስክር፣ በሁለተኛው መቶ ዓመት፣ በሰማዕቱ በፖሊካርፐስ ዘመን፣ ደሙን ያፈሰሰ። «ሰማዕት»ን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከሆሜር የሚጀምረውን ሊድልና ስኮትን ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ፍቺ መውሰድም ያው ነው።

ጀማሪዎች ስለሚያለቅሱበት ነገር ደግሞ አጭር ቃል። «ኤልተን» (መጣ) የሚለውን በኤታ ፊደል ብትፈልጉ አታገኙትም፤ «ኤርኮማይ» (እመጣለሁ) ሥር ነው። «ካተቤ» (ወረደ) ደግሞ «ካታባይኖ» ሥር ነው። የእኛ መዝገበ ቃላት «መጣ» ብሎ በእርሱ ይጀምራል፣ የግሪኩ «እመጣለሁ» ብሎ በእኔ። «ስለማይመጣ»ን በሰ ፊደል የሚፈልግ የውጭ ዜጋ አይታችሁ ከሳቃችሁ፣ ግሪኮችም በእናንተ ይስቃሉ። ርባታውን ሸምድዱ፤ አቋራጭ የለውም። የፊደሉ ተራ ግን አያስቸግራችሁም፤ አበገደ የተማረ ሰው አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ ሲባል ዘመዱን ያገኘ ያህል ነው።

ነርሷ እንዴት እንደሚሠሩ ልንገራችሁ። «ስፕላንክኒዞማይ» የሚለውን ግስ ሰጠኋቸው፤ የሆድ ዕቃ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። መዝገበ ቃላቱን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አልከፈቱትም። በሐዲስ ኪዳን ያሉትን 12 ቦታዎች በሙሉ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ፤ ሁሉም ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ ውስጥ ናቸው። ከዚያ «ዘጠኙ ስለ ጌታ ነው፣ ሦስቱ በምሳሌ ውስጥ፤ ዕዳ የተወው ጌታ፣ ሳምራዊውና የጠፋው ልጅ አባት» አሉ። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም። ትርጉሙን «አንጀቱ ተላወሰ» ብለው ጽፈውታል።

ሰባኪው ልጅ ወዲያው «ስለዚህ ሥርወ ቃሉ ሠራ ማለት ነዋ! ጌታ በእውነት አንጀቱ ውስጥ ነው የተሰማው!» ብሎ ተነሣ። ነርሷ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። አንጀቴን በላው ያለኝን ሰው አንድም ቀን ቀዶ ጥገና ክፍል አላስገባሁም።»