ስለ ሩሲያ ባሌት ልብሶችና ስለ ዘመኑ ፋሽን ስንጽፍም ስንሰፋም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተማሪዎች ትርኢት አንድ ልብስ ሰፍቼ ነበር። መነሻዬ ሠዓሊው ሊዮን ባክስት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፓሪስ ለታወቀው የዳንስ ቡድን ለሩሲያ ባሌት ከሣላቸው ንድፎች አንዱ ነው። ጨርቁን መረጥኩ፣ ጥልፉን አስጠለፍኩ፣ ዶቃውን አንድ በአንድ በእጄ ሰፋሁ። ልጅቷ ለብሳው ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ስታነሣ ግን ቀሚሱ በሙሉ ተከትሏት ተነሣ፤ ስፌቱም ከጎኑ ተተረተረ። በኋላ በብብቱ ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ባስገባሁበት ጊዜ እጇ ተላቀቀ። መዳፍ የምታህለው ያቺ ቁራጭ በባክስት ሥዕል ላይ አትታይም።

ስለዚያ ዘመን ልብስ ሲጻፍም ሲሰፋም የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው፤ ልብሱን ከሚንቀሳቀሰው ሰውነት ለይቶ ከማየት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ሥዕሉን እንደ ልብስ መቁጠር ነው። በባክስት ሥዕሎች ላይ የሴቲቱ ወገብ ይጠመዘዛል፣ መሐረቧ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፣ የዕንቁ ዘለላዋ እንደ ጅራፍ ይወነጨፋል። ይህ ሁሉ የእንቅስቃሴ ሥዕል እንጂ የጨርቅ አቆራረጥ መመሪያ አይደለም። ባክስት በብዙ ንድፎቹ ዳር ላይ ስለ ጨርቁና ስለ ቀለሙ ለሰፊዎቹ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በፓሪስ እንደ ማሪ ሙዌል ባሉ የቲያትር ልብስ ሰፊዎች እጅ ላይ ይወድቃል፤ ስማቸው ግን ከሠዓሊዎቹ ስም ጋር እምብዛም አይነሣም። በየሙዚየሙ የተረፉትን ልብሶች ቀርቦ ያየ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል። ከሩቅ ጥልፍ የመሰለው ነገር ብዙ ጊዜ በተበሳ ወረቀት ላይ በብሩሽ የተመታ ቀለም ነው፤ ቁርጥራጩ ቬልቬትም በሰፊ በሰፊው ተጠቅጥቆ ተለጥፏል። ይህ ግን የሥራ ጉድለት አይደለም። ተመልካቹ ብዙ ሜትር ርቆ ስለሚቀመጥ ከዚያ ርቀት የሚነበበው ትልቁ ቅርጽና ደማቁ ቀለም ነው። ሠዓሊው ማቲስ በ1920 የናይቲንጌል መዝሙር (ናይቲንጌል በሌሊት የምትዘምር ወፍ ናት) ለተባለው ባሌት የሠራቸው የሐዘንተኞች ልብሶች ነጭ ሱፍ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሦስት ማዕዘኖች ተለጥፈውባቸው ነው ያለቁት። ለመድረክ ልብስ በጀት የያዘ ሰው ለረቂቅ ጥልፍ ከሚያወጣው ይልቅ በደንብ ለሚወዛወዝ ጨርቅ ቢያወጣ ይሻለዋል እላለሁ።

ሁለተኛው ስህተት በየጽሑፉ ስለሚደጋገም እውነት መስሏል፦ «የሩሲያ ባሌት ፓሪስ ገባ፤ ሴቶችም ከኮርሴት፣ ማለትም ወገብን አጥብቆ ከሚያስር የውስጥ ልብስ፣ ተላቀቁ» ይባላል። ዓመታቱን እናስተያይ። የሩሲያ ባሌት መሥራች የሰርጌይ ዲያጊሌቭ ቡድን በፓሪስ ሻትሌ ቲያትር መጋረጃውን የከፈተው ግንቦት 19 ቀን 1909 ነው። ሼሄራዛድ የተባለው ባሌት የታየው በሰኔ 1910 ነው። ልብስ ሰፊው ፖል ፗሬ ግን የራሱን ቤት የከፈተው በ1903 ሲሆን፣ ወገባቸው ከጡት ሥር ከፍ ያለና ያለ ኮርሴት የሚለበሱ ቀሚሶቹን በ1908 በሥዕል አልበም አሳትሞ አሠራጭቶ ነበር። በቬኒስ ማሪያኖ ፎርቱኒ በ1907 ገደማ ከሐር በጥቃቅኑ የተሸበሸበውንና በሰውነት ላይ እንደ ውኃ የሚወርደውን ዴልፎስ የተባለ ቀሚሱን ጀምሯል። ከእነዚህ ቀሚሶች ሁሉ በፊት ዳንሰኛዋ ኢሳዶራ ዳንካን በ1904 መጨረሻ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ በባዶ እግሯ፣ ያለ ኮርሴት፣ በስስ ልብስ ጨፍራለች፤ በኋላ የሼሄራዛድን እንቅስቃሴ የቀመረው ሚሼል ፎኪንም ያን ጊዜ በዚያው ከተማ ነበር።

ታዲያ ባሌቱ ምን አመጣ? ቀለም አመጣ። ከዚያ በፊት የፓሪስ ወይዛዝርት የሚወዱት ፈዛዛ ሮዝ፣ ፈዛዛ ሐምራዊና የዝሆን ጥርስ ቀለም ነበር። የባክስት መድረክ አረንጓዴውን ከሰማያዊ፣ ብርቱካናማውን ከሐምራዊ ጋር ያለ ፍርሃት ጎን ለጎን አስቀመጠ። ፗሬም ማዕበሉን ተከትሎ ሰኔ 24 ቀን 1911 በግቢው ታላቅ ግብዣ ደገሰ፤ እንግዶቹ ሁሉ በምሥራቅ ልብስ እንዲመጡ አዘዘ፤ ባለቤቱን ዴኒዝን በወርቃማ የወፍ ቤት ውስጥ አስቀመጠ። ጥምጥም፣ ሰፊ ሱሪና ጫፉ እንደ መብራት ሽፋን የተንሰራፋ አጭር ቀሚስ በዚያ ዘመን ፋሽን ሆኑ። ፗሬ ራሱ ግን ከባክስት ቀዳ ሲባል ይቆጣ ነበር። «ነጻ አወጣ» በሚለው ቃልም መጠንቀቅ ይገባል። ያው ፗሬ በ1910 አካባቢ ያስፋፋው ቀሚስ ከቁርጭምጭሚት በላይ እጅግ ስለሚጠብ ለባሿ በአጭር በአጭሩ እንጂ መራመድ አትችልም። ኮርሴቱም ቢሆን አልጠፋም፤ ወገብ ማጥበቁን ላላ አድርጎ ወደ ዳሌ ወረደ እንጂ።

«የፋርስ ልብስ» ብሎ በሥዕል ግርጌ መጻፍ ሌላው ስህተት ነው። በሼሄራዛድ ልብሶች የፋርስ ጥቃቅን ሥዕሎች፣ የሕንድ ጌጥ፣ የቱርክ ሱሪና የመካከለኛው እስያ ጨርቅ ተደባልቀዋል። ዳንሰኛው ቫስላቭ ኒጂንስኪ ወርቃማውን ባሪያ ሆኖ ሲጫወት ገላውን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር። ይህ ለፓሪስ ተመልካች የተፈጠረ ምሥራቅ ነው። የሐረርን ጥልፍ፣ የዶርዜን ሸማና የወሎን ጥበብ በአንድ ቀሚስ ላይ ደራርቦ የአንድ አገር ሕዝብ ባህል ነው ብሎ የሚለጥፍ ሰው ቢያጋጥመን ዝም ብለን አናልፈውም። ውበቱን ማድነቅ ይቻላል፤ እኔም አደንቀዋለሁ፤ የሌላ ሕዝብ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ግን አይገባም።

መድረክ ላይ ያስደነገጠ ልብስ ሁሉ ፋሽን ሆኗል ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም። በግንቦት 1913 የጸደይ ሥርዓት የተባለው ባሌት ሲታይ ኒኮላስ ሮሪክ ዳንሰኞቹን ወፍራምና ረጅም፣ በቀለም ጌጥ የታተመበት ልብስ አልብሷቸው ነበር። የባሌት እግር ተደበቀ፤ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ያን ልብስ ለብሳ ሻይ ልትጠጣ የወጣች የፓሪስ ሴት ግን አልነበረችም። የሩሲያ ጥልፍ በፓሪስ ፋሽን የበዛው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ምክንያቱም በአብዛኛው ከአብዮቱ የሸሹ ስደተኞች ናቸው። ታላቋ ልዕልት ማሪያ ፓቭሎቭና ኪትሚር የተባለ የጥልፍ ቤት ከፍታ ለኮኮ ሻኔል ትሠራ ነበር።

ሻኔልን ካነሣን አይቀር፣ የመንገድ ልብስ መድረክ ላይ በቀላሉ ይሠራል የሚለውንም እንመልከት። በሰኔ 1924 ሰማያዊው ባቡር የተባለው ባሌት በሻን ዜሊዜ ቲያትር ታየ። ስሙ ሀብታሞችን ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወስደው ባቡር ቢሆንም መድረኩ ላይ ባቡር የለም፤ ያሉት ዋናተኞች፣ የጎልፍ ተጫዋችና ሱዛን ሌንግለንን የምታስታውስ ቴኒስ ተጫዋች ናቸው። ሻኔል የሰጠቻቸው በባሕር ዳርቻ የሚለበሰውን ዓይነት የሱፍ ሹራብ የዋና ልብስ ነው። ለእሷ ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ለዳንሰኞቹ ግን ችግር። ሹራቡ ስለሚላላ ወንዱ ዳንሰኛ ሴቷን ሲያነሣ እጁ የሚይዘው ጽኑ ነገር አያገኝም። የባሌት ልብስ ወገቡ ላይ ጠበቅ ተደርጎ የሚሰፋውም ለዚሁ ነው። ዳንሰኛዋ ሊዲያ ሶኮሎቫ ደግሞ ያደረገችው ትልልቅ የዕንቁ ጉትቻ ስለከበዳት ሙዚቃውን መስማት አስቸግሯት እንደነበር ተናግራለች። ጉትቻው ግን ከቲያትሩ ወጥቶ ፋሽን ሆነ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ታሪክ ነው፤ አንድ ጌጥ ለለባሹ ሸክም፣ ለተመልካቹ ምኞት የሆነበት ስለሆነ።

ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር ያለን እኛ ከማንም በላይ ልንረዳው የምንችለው ነገር ነውና። ሩሲያ እስከ 1918 ድረስ በጁሊያን አቆጣጠር ትጠቀም ነበር። ስለዚህ ዲያጊሌቭ በአንዱ መዝገብ መጋቢት 19 ቀን፣ በሌላው መጋቢት 31 ቀን 1872 ተወለደ ተብሎ ይገኛል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከዚያ ላይ ወደ ዓመተ ምሕረት ስንቀይር ያ የሻትሌ ምሽት ግንቦት 11 ቀን 1901 ይሆናል። የትኛውን አቆጣጠር እንደያዝን ሳንናገር ቀን ከጻፍን አንባቢውን እናሳስታለን።

በመጨረሻ፣ አንድ ባሌት አንድ ዓይነት ልብስ ብቻ አለው ብለን ከአንድ ፎቶግራፍ አንፍረድ። በ1909 ባክስት ያስጌጠው ክሊዮፓትራ የተባለው ባሌት ዕቃው በ1917 ደቡብ አሜሪካ ውስጥ በእሳት ስለወደመ፣ በ1918 ለለንደን ትርኢት ሮበርት ደሎኔ መድረኩን፣ ሶኒያ ደሎኔ የንግሥቲቱን ልብስ እንደገና ሠሩት፤ የሶኒያ ልብስ ክብ ክብ በሆኑ ደማቅ ቀለሞች የተሠራ እንጂ ባክስትን አይመስልም። ያልተቃጠሉት ልብሶችም ለሃያ ዓመት ከትርኢት ወደ ትርኢት፣ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ ጠበቡ፣ ሰፉ፣ ተጣፉ። የአንዳንዱን አንገት ገልብጠው ገበሩን ሲያዩት በቀለም የተጻፉ የዳንሰኞች ስሞች ይገኛሉ፤ አንዱ ተሰርዞ ሌላው ከሥሩ፣ ከዚያም ሌላ፣ በብብቱ ዙሪያም የላባቸው ቢጫ ምልክት።