ፒያሳን በእግር ለማየት ከየት ልጀምር ለምትሉ

ከጊዮርጊስ ጀምሩ። የድሮው የአራዳ ገበያ እዛው ቤተክርስቲያኑ አጠገብ ነበር፣ ጣልያን መጥቶ የሀበሻውን ገበያ ወደ መርካቶ ገፋውና ፒያሳን የነጮች ሱቅና ካፌ ሰፈር ሊያደርጋት ሞከረ፣ ከነፃነት በኋላም ዘናጩ አዲስ አበቤ ሱፉን ለብሶ ሲኒማ የሚገባው፣ ኬክ የሚበላው እዚሁ ሆነ። የምኒልክን ሐውልት ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት፣ በ1923 ዓ.ም ተመርቆ ጣልያን የነቀለው በኋላ የተመለሰ ነው። የዓድዋ ሙዚየምም እዛው ነው፣ ግን ሰፊ ስለሆነ ለብቻው ቀን ያዙለት።

ከዛ ወርቅ ቤቶቹ ጋ ውረዱ። ለማየት መግባት ችግር የለውም፣ ልትገዙ ከሆነ ግን ካራቱን ጠይቁ፣ ዓይናችሁ እያየ ይመዘን፣ ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትወጡ። በ2016 ብዙው ሰፈር ስለፈረሰ (ያናድዳል እውነት ለመናገር) የድሮ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ሂዱ፣ ካልሆነ ምን የት እንደነበር አይገባችሁም፣ ወይ አንድ የሰፈሩን አባት ጠይቁ ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳዩአችሁ። ጣይቱ ሆቴል ግን አለ፣ በ2007 በእሳት ተጎድቶ ታድሷል፣ ሲደክማችሁ እዛ አረፍ በሉ፣ ማኪያቶ ካማራችሁ ደግሞ ቶሞካ ቅርብ ነው፣ ቆማችሁ ነው የምትጠጡት።